ገላ የሚለውጡ ድግምቶች በአስማተኞች ፍልሚያ፦ የትኛው፣ መቼ፣ በማን ላይ?

ባላጋራን እንቁራሪት ማድረግ ደስ ይላል። ግን እንቁራሪት ያለው 1 ኤችፒ (የሕይወት ነጥብ) ብቻ ነው። 10 ጫማ ከፍታ ካለው ግንብ ላይ ከዘለለ የውድቀቱ ጉዳት ገላውን ያፈርሰዋል፤ እንቁራሪቱ የነበረበት ቦታ ላይ በትሩን የጨበጠ፣ የተናደደ አስማተኛ ቆሞ ታገኙታላችሁ። እናንተም ፖሊሞርፍ በተባለው ገላ ለዋጭ ድግምት 4ኛ ደረጃ ስሎታችሁን (የተቆጠረ የድግምት መጣያ ዕድላችሁን) በልታችኋል።

ይህ መመሪያ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣውን የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚና ጨዋታ 5ኛ እትም ሕግ ይዞ፣ ሁለት ዊዛርዶች አንድ ለአንድ ሲገጥሙ ከገላ ለዋጮቹ ድግምቶች የቱ እንደሚያዋጣ ያወዳድራል። "ሌቭል" ስንል የተጫዋቹን፣ "ደረጃ" ስንል የድግምቱን ነው። ሴቭ የመጣባችሁን ድግምት ለመቋቋም የምትጥሉት ባለ20 ፊት ዳይስ ነው፤ ዲሲ ደግሞ ዳይሱ ሊደርስበት የሚገባው ቁጥር። ሲአር የፍጡሩ የጥንካሬ መለኪያ ነው። ኮንሰንትሬሽንን "ትኩረት" ብለነዋል። በአንድ ጊዜ በትኩረት የሚያዘው አንድ ድግምት ብቻ ነው። ጉዳት ሲደርስባችሁ ትኩረቱን ላለማጣት የኮንስቲቲውሽን ሴቭ ትጥላላችሁ፤ ዲሲው 10 ወይም የጉዳቱ ግማሽ ነው፣ የበለጠው ይወሰዳል። ከታች ያሉት ስሌቶች በሙሉ በዚህ ላይ ስለሚቆሙ ያዙት።

እጅና ምላስ ለማን ይቀራል?

የዊዛርድ ፍልሚያ የሚያልቀው በትልልቆቹ ድግምቶች ሳይሆን በመልስ ምት ነው። ባላጋራ ድግምት ሲጀምር የሚያከሽፈው ካውንተርስፔል፣ ሲመታችሁ የሚከላከለው ሺልድ፣ ሲይዛችሁ ወደ ሌላ ቦታ የሚያሻግራችሁ ሚስቲ ስቴፕ። ሦስቱም እጅ ወይም ምላስ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ገላ ለዋጭ ድግምት ስትመርጡ ኤችፒውን ከማየታችሁ በፊት ከለውጡ በኋላ መናገርና እጅ ማንቀሳቀስ የሚችለው ማን እንደሆነ ቁጠሩ። ፖሊሞርፍ በራሳችሁ ላይ ከዋለ እናንተ ዲዳ ትሆናላችሁ፤ በባላጋራ ላይ ከዋለ እሱ። ሼፕቼንጅ ትክክለኛውን ገላ ከመረጣችሁ ምንም አይወስድባችሁም። ትሩ ፖሊሞርፍ እንደ አጠቃቀሙ ነው። ምርጫው ከሞላ ጎደል እዚህ ላይ ይወሰናል።

ፖሊሞርፍ በባላጋራ ላይ

4ኛ ደረጃ ነው፤ ዊዛርድ በ7ኛ ሌቭል ያገኘዋል። ርቀቱ 60 ጫማ፣ ቆይታው እስከ 1 ሰዓት በትኩረት፣ ቁሳቁሱ የአባጨጓሬ ጎጆ። ኢላማው የምታዩት ፍጡር መሆን አለበት፤ ስለዚህ ግሬተር ኢንቪዚቢሊቲ የለበሰ ባላጋራ ላይ ጭራሽ አይሠራም። ገላው ከባላጋራው ሌቭል ወይም ሲአር ያልበለጠ ሲአር ያለው አውሬ ብቻ ነው።

ችግሩ ሴቩ ላይ ነው። ድግምቱ የሚፈትነው ዊዝደምን ነው፤ ዊዛርዶች ደግሞ የሠለጠኑባቸው ሁለት ሴቮች ኢንተለጀንስና ዊዝደም ናቸው። ማለትም ከበሩ ሁሉ በጣም የተቆለፈውን እያንኳኳችሁ ነው። በ7ኛ ሌቭል ኢንተለጀንሳችሁ 18 ከሆነ የድግምታችሁ ዲሲ 15 ነው። ዊዝደሙ 12 የሆነ እኩያችሁ በ4 ደምሮ ይጥላል፤ 11 ከመጣለት አመለጠ። እኩል በእኩል ነው። ከዚያ በፊት ካውንተርስፔል አለ፤ በ3ኛ ደረጃ ስሎት ቢያወጣው ዲሲ 14 ማለፍ አለበት፣ በ4 ሲደምር 10 ይበቃዋል፤ 55 በመቶ። ሁለቱን ስታባዙት ድግምታችሁ የሚይዘው ከ100 ጊዜ 22 ወይም 23 ጊዜ ነው። ያለውን ብቸኛ 4ኛ ደረጃ ስሎት ከከፈለ ደግሞ ዳይስ ሳይጥል ያከሽፈዋል። ያንን ቢያደርግ ግን ደስ ይበላችሁ፤ 7ኛ ሌቭል ላይ ያለው 4ኛ ደረጃ ስሎት አንድ ብቻ ስለሆነ እሱም ከእንግዲህ ፖሊሞርፍ አይጥልባችሁም።

መድኃኒቱ የራሳችሁ ካውንተርስፔል ነው። በራሳችሁ ተራ ላይም ሪአክሽናችሁ (በዙር አንዴ የምትሰጡት ፈጣን ምላሽ) ስላለ የእሱን 3ኛ ደረጃ ካውንተርስፔል በ3ኛ ደረጃ ስሎት ያለ ዳይስ ትሰርዙታላችሁ። ያኔ ዕድላችሁ ወደ 50 በመቶ ይመለሳል። እስከሚቀጥለው ተራችሁ ድረስ ግን ሪአክሽን የላችሁም፤ ባላጋራው ሴቩን ካለፈ ቀጥሎ የሚወረውረውን የሚያቆምለት ሰው የለም።

እስቲ ያዘ እንበል። ምን ታደርጉታላችሁ? እንቁራሪት፣ አይጥ፣ ሸረሪት የሚሉት ሁሉ አንድ ጉድለት አለባቸው። ኤችፒያቸው 1 ስለሆነ ማንኛውም ጭረት ይፈታቸዋል፤ የተረፈው ጉዳት ወደ እውነተኛው ገላ ያልፋል እንጂ ተጨማሪ ጥቅም የለውም። ዓሣ ማድረግም የሚመስለውን ያህል አያዋጣም። ውኃ ውስጥ ብቻ የሚተነፍስ ፍጡር መሬት ላይ ትንፋሹ ያልቅና 0 ኤችፒ ይደርሳል፤ 0 ሲደርስ ደግሞ ገላው ይፈታል። ባላጋራችሁን በደቂቃዎች ውስጥ ራሳችሁ ነጻ አወጣችሁት ማለት ነው።

የእኛ ምርጫ ኪለር ዌል የተባለው ገዳይ ዓሣ ነባሪ ነው። ሲአር 3 ስለሆነ 7ኛ ሌቭል ባላጋራ ላይ ያለ ችግር ይሆናል። የመሬት ፍጥነቱ 0 ነው፤ የሚተነፍሰው አየር ስለሆነ አይታፈንም፤ ኤችፒው 90 ስለሆነ በድንገት አይፈታም። መንከሱ ከባድ ነው፣ 5 ባለ6 ፊት ዳይስ ሲደመር 4፣ ግን የሚደርሰው 5 ጫማ ድረስ ብቻ ነው። 10 ጫማ ርቃችሁ ቁሙና የሚጋደመውን ተራራ ተመልከቱ። ሜዳው ወንዝ ወይም ሐይቅ አጠገብ ከሆነ ግን ይህን ምርጫ እርሱት፤ በውኃ ውስጥ 60 ጫማ ይዋኛል።

አሁን ብዙዎች የሚሳሳቱበት ቦታ ደረስን። ባላጋራው አውሬ ሆኗል ማለት ትኩረቱን አጥቷል ማለት አይደለም። ቀድሞ የጠራው ኤለሜንታል ወይም ያቆመው ግድግዳ እንዳለ ይቀጥላል። ለማፍረስ ዓሣ ነባሪውን መምታት አለባችሁ። የኮንስቲቲውሽን ሴቩ በ1 ብቻ ይደምራል፣ ዲሲ 10ን ለማለፍ 9 ያስፈልገዋል። በ1ኛ ደረጃ ማጂክ ሚሳይል ሦስት ፍላጻ ወርውሩ፤ ዲኤሙ (ጨዋታውን የሚመራው ሰው) ለእያንዳንዱ ፍላጻ ለብቻ ሴቭ ካስጣለ ሦስቱንም የሚያልፈው ከ5 ጊዜ አንዴ ያህል ነው። 90 ኤችፒው እዚህ ላይ ይጠቅማችኋል፤ ገላውን ሳታፈርሱ ትኩረቱን ታፈርሳላችሁ።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥድፊያ ሌላ ወጥመድ ነው። "ሲፈታ የምወረውረውን ድግምት አዘጋጅቼ ልጠብቅ" ትላላችሁ። ድግምት አዘጋጅቶ መያዝ ራሱ ትኩረት ይጠይቃል፤ ፖሊሞርፉ እዚያው ይወድቃል። ከአንድ ድርጊት በላይ የሚፈጅ ድግምትም በሚጣልበት ጊዜ ሁሉ ትኩረት ይይዛል። ስለዚህ ግሊፍ ኦፍ ዋርዲንግ ለመጻፍ አንድ ሰዓት እቀመጣለሁ ማለት አይሆንም፤ ሪቹዋልም እንደዚሁ። የምትችሉት ሚረር ኢሜጅን የመሰለ ትኩረት የማይፈልግ ድግምት መልበስ፣ መድኃኒት መጠጣት፣ ከፍ ያለ ቦታ መያዝ፣ ከ60 ጫማ በላይ መራቅ ነው። ከመጋጠማችሁ በፊት ከዲኤሙ ጋር "ባላጋራ ለስንት ዙር ከተወገደ ተሸነፈ ይባላል?" የሚለውን ተስማሙ። መልሱ 10 ዙር ከሆነ ዓሣ ነባሪው ብቻውን ያሸንፍላችኋል። እስከ ሞት ከሆነ ጊዜ ገዛችሁ እንጂ ምንም አላሸነፋችሁም።

ባላጋራን ከሜዳ ማስወገድ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት ገላ መለወጡን ትታችሁ ኢላማውን ወደ ሌላ ዓለም የሚልከውን ባኒሽመንትን ተመልከቱ። ያው 4ኛ ደረጃ፣ ያው 60 ጫማ ነው፤ ግን የሚፈትነው ካሪዝማን ነው፣ ዊዛርድ ያልሠለጠነበትን። ካሪዝማው 10 የሆነ ባላጋራ ዲሲ 15ን ለማለፍ 15 መጣል አለበት፤ 70 በመቶ ይወድቃል። ሰውየው የዚሁ ዓለም ተወላጅ ከሆነ በተላከበት ቦታ ምንም ማድረግ ስለማይችል የያዘው ትኩረትም አብሮ ይፈርሳል፤ ፖሊሞርፍ የማያደርገው ነገር ነው። ጉድለቱ ቆይታው እስከ 1 ደቂቃ ብቻ መሆኑ ነው። ዊዛርድ በዊዛርድ ላይ ሲሆን እኛ በአብዛኛው ባኒሽመንትን እናስቀድማለን፤ ዓሣ ነባሪውን የምናወጣው ባላጋራው ዊዝደሙ ደካማ መሆኑን ካወቅን ወይም ከ1 ደቂቃ በላይ ካስፈለገን ነው።

ፖሊሞርፍ በራስ ላይ

ሴቭ የለውም። ሊያቆመው የሚችለው ካውንተርስፔል ብቻ ነው፤ ካውንተርስፔል ደግሞ 60 ጫማ ውስጥ ያለን፣ የሚታይን አስማተኛ ብቻ ይነካል። ባላጋራን ለመለወጥ 60 ጫማ ውስጥ መግባት ግድ ነው፤ ራስን ለመለወጥ ግን 65 ጫማ ላይ ወይም ከምሰሶ ጀርባ መቆም ይበቃል። በራስ ላይ የመጠቀሙ ዋና ብልጫ ይህ ነው።

በ7ኛ ሌቭል ምርጡ ገላ ጃያንት ኤፕ የሚባለው ግዙፍ ጎሪላ ነው፦ ሲአር 7፣ ኤችፒ 157፣ ኤሲ (ለመምታት ዳይሱ ሊደርስበት የሚገባው ቁጥር) 12። በአንድ ተራ ሁለት ቡጢ ይመታል፤ እያንዳንዱ በ9 ተደምሮ ይጣላል፣ ጉዳቱ 3 ባለ10 ፊት ዳይስ ሲደመር 6፣ በአማካይ 22። ሜጅ አርመር ለብሶ ኤሲው 15 የሆነ ባላጋራ ላይ እያንዳንዱ ቡጢ 75 በመቶ ያርፋል፤ ሺልድ ካወጣ 50 በመቶ። ኮንስቲቲውሽኑ 14 የሆነ 7ኛ ሌቭል ዊዛርድ 44 ኤችፒ ገደማ ስላለው፣ ሺልድ እያወጣም ቢሆን ሁለት ዙር ከጎሪላው ጋር ከቆመ አለቀለት።

8ኛ ሌቭል ስትደርሱ ቲ-ሬክስ ይከፈትላችኋል፦ ሲአር 8፣ ኤችፒ 136፣ ኤሲ 13፣ ፍጥነት 50 ጫማ። ንክሻው 4 ባለ12 ፊት ዳይስ ሲደመር 7 ሲሆን ከነከሰ ይዞ ያስቀራል። ተጫዋቾች ሲአሩ ከፍ ስላለ ብቻ ወደ እሱ ይሮጣሉ። በዊዛርድ ላይ ግን ከጎሪላው ያንሳል። አንደኛ፣ ንክሻውንና ጅራቱን በአንድ ኢላማ ላይ አንድ ላይ ማዋል አይችልም፤ አንድ ለአንድ ፍልሚያ ላይ ኢላማው አንድ ነው። ሁለተኛ፣ የያዘው ዊዛርድ ሚስቲ ስቴፕን በቃል ብቻ ጠርቶ ከአፉ ይወጣል። ሦስተኛውና ዋናው፣ ባላጋራ ፍላይ ጠርቶ ወደ ላይ ከወጣ ቲ-ሬክሱ ከታች ሆኖ ከማገሣት በቀር የሚያደርገው የለም። ጎሪላው ግን ዓለት ይወረውራል፤ 50 ጫማ ድረስ ያለ ችግር፣ እስከ 100 ጫማ ደግሞ በችግር፣ ጉዳቱ 7 ባለ6 ፊት ዳይስ ሲደመር 6። ሜዳው ላይ ዓለት መኖሩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ በተነጠፈ አዳራሽ ውስጥ ዲኤሙ "ከየት አመጣኸው?" ማለቱ አይቀርም።

አጠቃቀሙ በቅደም ተከተል ይህን ይመስላል፦

1. ከመለወጣችሁ በፊት ትኩረት የማይፈልገውን መከላከያ ልበሱ። ከተለወጣችሁ በኋላ ምንም መጥራት አትችሉም።
2. ከ60 ጫማ ውጡ ወይም ከዕይታ ተሰወሩ።
3. መሰወር ካልተቻለ ድግምቱን ጥላችሁ፣ ካውንተርስፔል ሲመጣ ሪአክሽናችሁን ሳትሳሱ አውጡ። ጎሪላ ከሆናችሁ በኋላ ካውንተርስፔል ማውጣት ስለማትችሉ ለዚያ የምታስቀምጡት ነገር የለም።
4. የጎሪላው ኤችፒ ወደ 30 ሲወርድ በተራችሁ ራሳችሁ ልቀቁት። ትኩረትን መተው ድርጊት አይፈጅም፤ በዚያው ተራ እንደ ሰው ድግምት ትጥላላችሁ። 5 ኤችፒ ይዛችሁ ብትጠብቁና 40 ጉዳት ቢያርፍባችሁ 35ቱ ወደ እውነተኛው ገላችሁ ያልፋል። ስትለወጡ 12 ኤችፒ ከነበራችሁ እዚያው ወደቃችሁ።

ብዙ ተጫዋች 157 ኤችፒውን አይቶ ይረጋጋል። ጎሪላው ግን በኤችፒ ማለቅ ሳይሆን በትኩረት መሰበር ነው የሚጠፋው። አማካይ ፋየርቦል 28 ጉዳት ያደርሳል፤ የትኩረቱ ዲሲ 14 ይሆናል። ጎሪላው በ4 ስለሚደምር 10 ያስፈልገዋል። ማለትም በአንድ ፋየርቦል 45 በመቶ ያህል ዕድል ገላው እንዳለ ይተናል፣ 129 ኤችፒ ሳይነካ። ዋር ካስተር የተባለው፣ ትኩረትን የሚያጠነክረው ተጨማሪ ችሎታ ቢኖራችሁም አያድናችሁም፤ ፖሊሞርፍ ቁጥሮቻችሁን በሙሉ በአውሬው ይተካቸዋልና።

አእምሮም አብሮ ይወርዳል። የጎሪላው ኢንተለጀንስ 7፣ ዊዝደሙ 12 ነው። በታችኛው ሌቭል ይህ ብዙ አይጎዳም፤ ባላጋራ በዊዝደም ሴቭ ባለበት የሚያደርቀውን ሆልድ ሞንስተር ሲያገኝ መጉዳት ይጀምራል፣ 15ኛ ሌቭል ላይ ደግሞ መውጫው በሚጠፋ መንገድ ውስጥ የሚከተው ሜዝ ይመጣል። ሜዝ ሴቭ የለውም፤ ለመውጣት በኢንተለጀንስ ዲሲ 20 ማለፍ ያስፈልጋል። ጎሪላው ከዳይሱ 2 ስለሚቀንስ 20 ቢመጣለት እንኳ 18 ነው፤ በፍጹም አይወጣም። እዚያ ከገባችሁ ፖሊሞርፉን ወዲያው ልቀቁት፤ ኢንተለጀንሱ 20 የሆነ ዊዛርድ 15 ከጣለ ይወጣል። ከዚህ ሌቭል በላይ ጎሪላን እንደ ዋና መሣሪያ አንመክረውም።

ትናንሾቹ

ኦልተር ሰልፍ 2ኛ ደረጃ ነው፤ እጅና ምላስ አይወስድም፣ ግን ትኩረታችሁን ይዞ የሚሰጣችሁ 1 ባለ6 ፊት ዳይስ ጥፍር ነው። ፍልሚያው ውኃ ውስጥ ካልሆነ ተዉት። ጋሲየስ ፎርም በ10 ጫማ ፍጥነት የሚንሳፈፍ፣ ድግምት የማይጥል ጭስ ያደርጋችኋል፤ ለመሸሽ እንጂ ለመግጠም አይደለም፣ ለመሸሽም ቢሆን ቀርፋፋ ነው። ኢንላርጅ/ሪዱስ በዊዛርድ ላይ የሚቀንሰው ዊዛርድ የማይጠቀምበትን ጉልበት ነው።

የትራንስሙቴሽን ትምህርት ቤት ዊዛርዶች ብቻ በ10ኛ ሌቭል ደህና ነገር ያገኛሉ። ስሎት ሳያወጡ በራሳቸው ላይ ፖሊሞርፍ ይጥላሉ፣ ሲአሩ ከ1 ላልበለጠ አውሬ፣ በእያንዳንዱ እረፍት መካከል አንዴ። ዳየር ዉልፍ 37 ኤችፒ ይሰጣል፤ ነጻ ጋሻ ነው። ጃያንት ኢግል ግን የተሻለ ነው፤ 80 ጫማ ስለሚበር ከካውንተርስፔል ርቀት በአንድ ተራ ያወጣችኋል። እዚያ ደርሳችሁ፣ በሚቀጥለው ተራ ንስሩን ለቃችሁ፣ እውነተኛውን ድግምት ያለ ከልካይ ትጥላላችሁ። መልቀቅ ያለባችሁ ጣሪያ ወይም ቅርንጫፍ ላይ አርፋችሁ መሆኑን መቼም አንነግራችሁም።

17ኛ ሌቭል፦ ሼፕቼንጅ ወይስ ትሩ ፖሊሞርፍ?

ሁለቱም 9ኛ ደረጃ ናቸው፣ የ9ኛ ደረጃ ስሎት ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ለፍልሚያ ሼፕቼንጅ ያሸንፋል፣ ብዙም አያከራክርም።

ሼፕቼንጅ ኢንተለጀንስ፣ ዊዝደምና ካሪዝማችሁን ይተዋል፤ የሙያ ችሎታዎቻችሁም፣ ዋር ካስተሩም ይቀራሉ፣ አዲሱ ገላ በአካል እስከቻለ ድረስ። የሚናገርና እጅ ያለው ገላ ከመረጣችሁ ድግምት መጣል አይቋረጥም። ከሌቭላችሁ ያልበለጠ ሲአር ያለው ማንኛውም ፍጡር ይሆናል፤ ኮንስትራክት (የተሠራ ፍጡር) እና አንደድ (ሙት ሆኖ የሚንቀሳቀስ) ሲቀሩ። ባሕርይው ግን ያንን ዓይነት ፍጡር ቢያንስ አንዴ ማየት አለበት። በዘመቻው ያያችኋቸውን ፍጡሮች ከመጀመሪያው ሌቭል ጀምራችሁ መዝግቡ፤ 17ኛ ላይ "ፕላኔታር የተባለውን መልአክ መቼ አየህ?" ሲባል መልስ ይኑራችሁ።

ሁለት ገላዎችን እናወዳድር። ጎልማሳው ቀይ ድራጎን ሲአር 17፣ ኤችፒ 256፣ ኤሲ 19 ነው፤ 80 ጫማ ይበራል። እሳቱ በ60 ጫማ ሾጣጣ 18 ባለ6 ፊት ዳይስ፣ በአማካይ 63 ያቃጥላል፤ ኮንስቲቲውሽኑ 14 የሆነ 17ኛ ሌቭል ዊዛርድ 104 ኤችፒ ገደማ አለው፣ ሒሳቡን ለእናንተ ትተናል። የተከለከለባችሁ በሌሎች ተራ መጨረሻ የሚደረገው ሌጀንደሪ አክሽን ነው፤ ሌጀንደሪ ሬዚስታንስ ግን ሌላ ነገር ስለሆነ በሕጉ ቃል መሠረት ይቀራል። ሦስት ጊዜ የወደቀ ሴቭን እንዳለፈ ማስቆጠር ትችላላችሁ፣ የትኩረትንም ጭምር። ጉድለቱ ጥፍር ነው፤ በዚያ መዳፍ የድግምት ምልክት መሥራት ይቻላል ወይ የሚለውን እያንዳንዱ ዲኤም በራሱ ይፈርዳል። አይቻልም ካለ ካውንተርስፔላችሁ የለም።

ፕላኔታር ሲአር 16፣ ኤችፒ 200፣ ኤሲ 19፣ በረራው 120 ጫማ ነው። ሰው መሰል ስለሆነ እጅም ምላስም አለው። ማጂክ ሬዚስታንስ ስላለው በድግምት ላይ የሚጥለውን ሴቭ ሁሉ ሁለት ዳይስ ጥሎ የተሻለውን ይይዛል። የኮንስቲቲውሽን ሴቩ በ12 ስለሚደምር 1 ቢጥል እንኳ 13 ነው፤ ከአንድ ምት እስከ 27 የሚደርስ ጉዳት ትኩረቱን ጭራሽ አይነካውም። ትሩሳይቱ 120 ጫማ ስለሚደርስ የማይታይ ባላጋራ ለእሱ ይታያል፤ ይታያል ማለት ካውንተርስፔል ይደርሰዋል ማለት ነው። በዊዛርድ ላይ ምርጫችን ፕላኔታር ነው። ድራጎኑን የምንመርጠው ፍልሚያው በሁለት ሦስት ዙር እንዲያልቅ ስንፈልግ ነው። ሁለቱም ከ100 በላይ ኤችፒ ስላላቸው ፓወር ዎርድ ኪል፣ ከ150 በላይ ስላላቸውም ፓወር ዎርድ ስተን እስኪደሙ ድረስ አይነካቸውም። ሜዝ ውስጥ ቢገቡም ኢንተለጀንሱ የእናንተው ነው።

ስትጥሉት ቢያንስ 1,500 የወርቅ ሳንቲም የሚያወጣው የጄድ ዘውድ አስቀድሞ ራሳችሁ ላይ መሆን አለበት። በትራችሁን ወይም የቁሳቁስ ከረጢታችሁን ከገላው ጋር አታዋህዱ፤ "ይዤው እቀራለሁ" ብላችሁ ተናገሩ፣ አለዚያ ቁሳቁስ የሚፈልግ ድግምት ሁሉ ተዘጋባችሁ። ባላጋራ በካውንተርስፔል ለማክሸፍ 9ኛ ደረጃ ስሎቱን ካልከፈለ በቀር ዲሲ 19 ይገጥመዋል፤ ኢንተለጀንሱ 20 ከሆነ 35 በመቶ። በ3ኛም በ8ኛም ደረጃ ስሎት ዕድሉ ያው ስለሆነ ብልህ ከሆነ በ3ኛው ይሞክራል፤ እናንተም በ3ኛው ትሰርዙታላችሁ። ገላው ከተለበሰ በኋላ የተጣለን ድግምት የሚሰርዘው ዲስፔል ማጂክ በ120 ጫማ ይመጣል፣ በዚያው ዲሲ 19። ፕላኔታሩ 60 ጫማ ውስጥ ከሆነ እሱንም ያከሽፈዋል፤ ከ60 ውጭ ሆኖ ከጣለው ግን እጃችሁን አጣጥፋችሁ ዳይሱን ትጠብቃላችሁ። ስለዚህ ፕላኔታር ሲኮን መቅረብ እንጂ መራቅ አያዋጣም።

በዌልስ ተረት ኬሪድዌን ግዊዮንን ስታሳድድ እሱ ጥንቸል ሲሆን እሷ አዳኝ ውሻ፣ ዓሣ ሲሆን ኦተር፣ ወፍ ሲሆን ጭልፊት፣ በመጨረሻም የእህል ቅንጣት ሲሆን ዶሮ ሆና ትለቅመዋለች። ብዙ ተጫዋች የሚመኘው ይህንን ሰንሰለት ነው፤ በጨዋታው የሚፈቅደውም ሼፕቼንጅ ብቻ ነው፣ በየተራው አንድ ድርጊት እየከፈላችሁ። ግን ግዊዮን ያላወቀው ሕግ አለ። አዲሱ ገላ ከያዛችሁት የበለጠ ኤችፒ ካለው ኤችፒያችሁ አይጨምርም፤ ያነሰ ካለው ግን ይወርዳል። ከ256 ኤችፒ ድራጎን ወደ 1 ኤችፒ ወፍ ተለውጣችሁ ሾልካችሁ ብታመልጡ፣ ድራጎን ሆናችሁ ስትመለሱ 1 ኤችፒ ያለው ድራጎን ናችሁ። ስለዚህ ትልቁን ኤችፒ መጀመሪያ ልበሱ፤ ከዚያ በኋላ የምትለዋወጡት በተቀራራቢ ገላዎች መካከል ብቻ ይሁን።

ትሩ ፖሊሞርፍን በራስ ላይ ማዋል ለፍልሚያ ከንቱ ነው፤ አእምሮንም ድግምትንም ይወስዳል። በባላጋራ ላይ ደግሞ ርቀቱ 30 ጫማ ብቻ፣ ሴቩ ያው ዊዝደም ነው። በ17ኛ ሌቭል ዲሲያችሁ 19፣ ዊዝደሙ 14 የሆነ ባላጋራ በ8 ይደምራል፤ እንደገና 11፣ እንደገና እኩል በእኩል። 10 ሌቭል ወጥታችሁ ዕድላችሁ አልተነቃነቀም። ከያዘ ወደ ዕቃ መለወጥ ይቻላል፤ ዕቃ ማየትም ማሰብም አይችልም፣ ያሳለፈውንም አያስታውስም። ሙሉ አንድ ሰዓት፣ 600 ዙር ማለት ነው፣ ትኩረታችሁን ከጠበቃችሁ እስኪሰረዝ ድረስ ይቆያል።

ትሩ ፖሊሞርፍ የሚያበራበት አንድ ቦታ አለ፤ ዕቃን ፍጡር ማድረግ። ሴቭ የሚጥል የለም። አስማት የሌለበት፣ መጠኑ የሚበቃ ዕቃ ካገኛችሁ እስከ ሲአር 9 ድረስ ወዳጅ ይሆናችኋል። በዊዛርድ ላይ ግላብሬዙ የተባለውን ጋኔን እንመርጣለን፦ ኤችፒ 157፣ ኤሲ 17፣ ዲስፔል ማጂክን ያለ ገደብ ይጥላል፣ በቀን አንዴም ፓወር ዎርድ ስተን አለው፤ 104 ኤችፒ ላለው ዊዛርድ ይህ ሴቭ የሌለው ምት ነው። እናንተ ድግምት መጣላችሁን ትቀጥላላችሁ፣ አጋንንቱ ደግሞ ጎን ለጎን ይሠራል። አንድ ለአንድ በተባለ ፍልሚያ ረዳት ማምጣት ይፈቀዳል ወይ የሚለውን ግን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሜዳ ላይ የሚነሳ ክርክር ከድግምቱ ይረዝማል።

ካውንተርስፔል የማይደርስበት ፖሊሞርፍ

ከ11ኛ ሌቭል ጀምሮ ኮንቲንጀንሲ አለ፦ 6ኛ ደረጃ፣ ለመጣል 10 ደቂቃ፣ ቆይታው 10 ቀን፣ 1,500 የወርቅ ሳንቲም የሚያወጣ የራሳችሁ ምስል ቅርጽ ይዛችሁ። ፖሊሞርፍን በውስጡ ካስቀመጣችሁ የሚጣለው ያን ጊዜ፣ ከፍልሚያው በፊት ነው። ምክንያቱ ሲሟላ ገላው ራሱ ይመጣል፤ የሚነገር ቃል፣ የሚታይ እጅ ስለሌለ ባላጋራ የሚያከሽፈው ነገር አያይም። ምክንያቱን በጥብቅ ጻፉት። "ስመታ" ካላችሁ በመጀመሪያው ጠጠር ጎሪላ ትሆናላችሁ፤ "ኤችፒዬ ከ20 ሲወርድ" ይሻላል። ድግምቱ ፈለጋችሁም አልፈለጋችሁም ይነሳል፤ የየትኛው አውሬ ገላ እንደሚመጣ፣ ያን ሰዓት በሌላ ድግምት ላይ ያላችሁ ትኩረትም ምን እንደሚሆን ከዲኤሙ ጋር አስቀድማችሁ ጨርሱ።

የምትጫወቱት በ2024 እ.ኤ.አ. በተሻሻለው ሕግ ከሆነ ሁለት ነገር ይለወጣል። የአውሬው ኤችፒ የእናንተን አይተካም፤ በእናንተው ላይ እንደ ጊዜያዊ ኤችፒ ይደረባል፣ ሲያልቅም ፖሊሞርፉ ይፈርሳል። ካውንተርስፔልም ዳይሱን የሚያስጥለው ድግምቱን የጀመረውን ሰው ነው፣ በኮንስቲቲውሽን ሴቭ፤ ከወደቀም ስሎቱ አይባክንበትም። በዚያ ሕግ ኮንስቲቲውሽኑ ጠንካራ የሆነ ዊዛርድ 60 ጫማ ውስጥ ቆሞ መለወጥን በ2014ቱ ከሚፈራው ባነሰ ይፈራል፤ የአውሬዎቹንም ቁጥር ከዚያው እትም ማውጫ ላይ አንብቡ እንጂ ከላይ ከጻፍነው አትቅዱ።